ሸራው አልገባም አልወጣም ሲል

እንደምን ከረማችሁ። ወደዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የጀነሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሲበዛ የወፍጮ ነው። ኮምቦልቻ ቁጭ ብሎ የጀልባ ጥያቄ የሚጠብቅ ሰው የለም። ባለፈው ሰሞን ግን ስልኬን ስከፍት አንድ የደሴ ልጅ ከጅቡቲ ጽፎልኛል፤ ያውም ስለ ሸራ ጀልባ። ሻዬን አስቀምጬ ሁለቴ አነበብኩት። ደንበኞቼ አብዛኞቹ አያውቁም እንጂ፣ ይቺን ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት ግሪክ አገር ሰባት ዓመት ሙሉ በሸራ ጀልባ ላይ ገመድ ስስብ ኖሬያለሁ። መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ የብየዳ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የገመድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወፍጮ የቆመባችሁ ሰዎች ትንሽ ታገሡኝ። መጨረሻ ላይ ለሾፌርና ለባለሱቅም ድርሻ አለ።

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ያደግኩት ደሴ፣ ሆጤ ነው። አሁን ጅቡቲ ውስጥ ቱሪስት በምትይዝ 14 ሜትር የሸራ ጀልባ ላይ እሠራለሁ። ዋናው ሸራችን ወደ ታች የሚወርድ ዓይነት አይደለም፤ ምሰሶው ውስጥ እንደ ሰሌን የሚጠቀለል ነው። እሑድ ማታ እንግዶቹ እራት ቸኩለው ስለነበር ቶሎ ጠቅልለን ገባን። ሰኞ ጠዋት ስናወጣው ሁለት ሦስተኛው ላይ ከበደን፣ ይበቃል ብለን ተውነው። ከሰዓት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሳለን ነፋሱ ከ12 ኖት (በባሕር ላይ የፍጥነት መለኪያ ነው) ተነሥቶ 25 ገባ። ሸራውን እናሳጥር ብለን መጠቅለል ስንጀምር ቀጥ አለ። ወደ ውስጥ ቢሉት አይገባ፣ ወደ ውጭ ቢሉት አይወጣ። ካፒቴኑ ገመድ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ዊንች ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነው። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፣ ዊንቹ አቃሰተ፣ ሸራው ግን ንቅንቅ አላለም። በሞተር ሄደን ከተራራ ጥግ ተጠለልን። ማታ ነፋሱ ሲበርድ በስንት መከራ ገባ። ካፒቴኑ ጥሩ ሰው ነው፣ ለማስረዳት ግን ትዕግሥት የለውም። ምን አጥፍተን ነው? ቢደገምስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር። ጀልባችሁ አልተሰበረችም። የገጠማችሁ ነገር እንዲህ ያለ ሸራ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነው።

አንባቢዎቻችን እንዳይጠፉብን በመጀመሪያ ነገሩን ልሳለው። ምሰሶው ባዶ ቱቦ ነው። ውስጡ ከታች እስከ ላይ የቆመ ዘንግ አለ፤ ሸራው የሚጠቀለለው እሱ ላይ ነው። በምሰሶው ጀርባ ከላይ እስከ ታች አንዲት ጠባብ ክፍተት አለች። ሸራው የሚገባውም የሚወጣውም በእሷ ነው። ከምሰሶው ታችኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ኋላ የተጋደመው ቱቦ ደግሞ ቡም ይባላል። ሦስት ገመዶችን ያዙልኝ፦ ሸራውን ወደ ላይ የወጠረው መስቀያ፣ የኋላ ጥጉን በቡሙ ላይ ወደ ኋላ የሚጎትተው መሳቢያ፣ ዘንጉን የሚያዞረው መጠቅለያ። ሸራ ማሳጠር ማለት መሳቢያውን በትንሽ በትንሹ እየለቀቁ መጠቅለያውን መሳብ ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ከደብዳቤህ ሁሉን የነገረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች። «ሁለት ሦስተኛው ላይ ከበደን፣ ይበቃል ብለን ተውነው» ያልካት። ሸራህ የተቀረቀረው ሰኞ ከሰዓት አይደለም፣ እሑድ ማታ ነው። እራት ቸኩላችሁ ስትጠቀልሉ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ለቃችሁት ነበር ብዬ ብወራረድ አልበላም። የኋላው ገመድ ምንም ካልያዘው ሸራው ልል ሆኖ ይጠቀለላል። ልል ጥቅል ደግሞ ወፍራም ነው። ጠዋት ስታወጡት የላይኛው ዙር ወጣ፣ ውስጥ የቀረው ግን ተፈትቶ ተነፋ፣ አንድ ቦታ ላይ እጥፋት ሠራ። እሱን ሳታወጡ ከሰዓት በላዩ ላይ መልሳችሁ ጠቀለላችሁበት። ምሰሶው ውስጥ ያለው ቦታ ውስን ነው፣ ጥቅሉ ግድግዳውን ነካ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ በየትም በኩል ብትጎትተው ራሱን በራሱ ነው የሚያንቀው።

የሸማኔ ልጅ ይሄንን ሳይነገረው ያውቃል። አጎቴ ማግ ስጠቀልልለት ክሩን በሁለት ጣቴ ጨቆን አድርጌ ካልያዝኩ ይጮህብኝ ነበር። ልል የተጠቀለለ ማግ መወርወሪያው ውስጥ ይበተንና ክሩን አንቆ ይይዛል። ጎትተህ ትበጥሰዋለህ እንጂ አትፈታውም። በሁለት ጣት ያንን ያህል መያዝ ነው ሸራውም የሚፈልገው፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

አሁን ቢደገም ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ጣትህን ከቁልፉ ላይ አንሣ። ካፒቴኑንም በትሕትና አስነሣው። የኤሌክትሪክ ዊንች ስሜት የለውም። በእጅ ስትጠመዝዝ ክብደቱ ክንድህ ላይ ይነግርሃል፤ ሞተሩ ግን እስኪቀድድ ወይ እስኪሰበር ይስባል። ይሄን የምለው ተምሬበት ነው። አንድ ሐምሌ የግሪክ ኤጂያን ባሕር ላይ፣ ሜልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲነሣ፣ የጀልባዋ ባለቤት «ተጫን! ተጫን!» ሲለኝ ተጫንኩት። ሁለት ክንድ ያህል የሸራ ጠርዝ እንደ ወረቀት ተተረተረ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከደሞዜም ተቆረጠ፤ ተጫን ያለው እሱ፣ የከፈልኩት እኔ።

ቀጥሎ ጭነቱን ከሸራው ላይ አውርድ። ነፋስ የሞላው ሸራ በክፍተቷ ከንፈር ላይ ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው፣ ጤነኛውም ቢሆን አይንሸራተትም። ሞተር አስነሥተህ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙር። ግን ፊት ለፊት አታግጥማት፤ ያኔ ሸራው እንደ ባንዲራ ይራገብና ሌላ እጥፋት ይሠራል። ትንሽ ወደ ጎን አድርጋት። ሸራው ሳይሞላም ሳይራገብም ዝም የሚልበት ቦታ አለ፣ ስታገኘው ድምፁ ይነግርሃል። ቡሙን ከጎን የያዘውን ገመድ አላላ። ቡሙን ወደ ታች የሚጫነውንም ቫንግ አላላ። ብዙ ሰው ይሄን ሁለተኛውን ይረሳዋል።

ከዚያ ከውጭ ያለውን እይ። ይሄ የሚያሳፍር ነገር ነው ግን ልንገርህ፦ አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ከሸራ ጋር ስታገል ቆይቼ ጥፋቱ የመሳቢያው ገመድ መቆለፊያ ተዘግቶ መቅረቱ ሆኖ አገኘሁት። ገመዶቹ ከዊንቹ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ጋልቦ እንደሆነስ? ፑሊዎቹ ይዞራሉ ወይስ ጨው በልቷቸው ቆመዋል? ምሰሶው ላይ ዘንጉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ማንሻ ካለ በየት በኩል ነው ያለው? ይሄ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ነው። የሁለት ደቂቃዋን ሳያይ ወደ ከባዱ የሚሮጥ መካኒክ ኮምቦልቻም ሞልቷል።

ከውጭ ምንም ካላገኘህ ክፍተቷን ከታች እስከ ላይ ተመልከት። ዓይንህ ካልደረሰ ስልክህን አውጣ፤ ካሜራውን አቅርበህ ፎቶ አንሣና ፎቶውን አስፍተህ እየው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይታያል፦ ሸራው አንድ ላይ ሳይሆን ተደርቦ ወደ ክፍተቷ የገባበት ቦታ አለ፣ እንደ ከንፈር ወጣ ብሎ። ቦታውን ካወቅክ ግማሹን ጨርሰሃል።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ሲጨንቀው ወደሚፈልግበት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚስበው። አንተ ግን መጀመሪያ ወደ ውስጥ አጥብቀው። አዎ፣ እንዲወጣ ብትፈልግም። ያላላውን የውስጥ ጥቅል የምታጠብቀው እንደዚያ ነው። አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ፣ በእጅ ዊንች፣ እስኪያቆም። ከዚያ መጠቅለያውን ለቀቅ አድርገህ መሳቢያውን ሳብ፤ ምናልባት ስንዝር ተኩል ይመጣል። እንደገና ወደ ውስጥ። እንደገና ወደ ውጭ። አንድ ሰው ምሰሶው ሥር ቆሞ ሸራውን ከእጥፋቱ አጠገብ ይዞ ወደ ኋላና ወደ ታች ይጎትትልህ። እጁ ሸራው ላይ ይሁን እንጂ ጣቱ ክፍተቷ ውስጥ እንዳይገባ! ይሄንን ጮክ ብለህ ንገረው። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ልትመላለስ ትችላለህ። አሰልቺ ነው፣ ግን በዚህ ያልተፈታልኝ ሸራ ከስንት አንድ ነው።

እምቢ ካለ መስቀያውን ስንዝር ያህል አላላው። ከላይ የተወጠረው ሲለቀቅ እጥፋቱ ቦታ ያገኛል። ምሰሶውን ከኋላ የወጠረው ካቦ ማጥበቂያ ካለው እሱንም ቀንስ። ሲጠብቅ ምሰሶው እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ውስጡ ያለው ዘንግ ደግሞ ግድግዳውን ይታከካል። ወደብ ላይ ለውድድር ብሎ ወጥሮት ረስቶት የሚወጣ ካፒቴን ስንቱን አይቻለሁ። ብዙዎቹ ምሰሶዎች ከቡሙ መጋጠሚያ አጠገብ የዊንች እጀታ የሚገባበት ቀዳዳም አላቸው፤ ገመዱን ትተህ ዘንጉን በቀጥታ በእጅ ታዞረዋለህ። የናንተ ካላት የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልግ፣ በማዕበል መሃል አይፈለግም።

ይሄ ሁሉ ካልሠራና ነፋሱ እየጨመረ ከመጣስ? ሙሉ በሙሉ ማውጣት ከቻልክ አውጣውና መስቀያውን ለቀህ ጀልባዋ ላይ አውርደው። ልብ በል፣ ይሄ ሸራ የሚወርደው ከዘንጉ ላይ ፈጽሞ ሲፈታ ብቻ ነው፤ ግማሹ ተጠቅልሎ አይወርድም። ግማሽ ላይ ከቀረ ደግሞ ከምሰሶው ጫፍ የሚመጣ ሥራ የፈታ ሌላ መስቀያ ገመድ ውሰድ። ጫፉን ይዘህ ሸራውንና ምሰሶውን አብረህ ዙሪያውን ጠምጥመው፣ ልክ ጠጅ ቤት የጃንጥላ ባለቤት ዝናቡ ሲያባራ በክር እንደሚያስረው። አያምርም፣ ግን ሸራው መሙላቱን ያቆማል። ከዚያ እናንተ እንዳደረጋችሁት በሞተር ወደ መጠለያ። በማዕበል ምሰሶ ላይ አትውጣ፣ ማንም ቢልህ። ከወደብ ውስጥ አንድ ዲግሪ የምትመስለው ማጋደል እላይ ጫፍ ላይ ሰውን እንደ ዥዋዥዌ ነው የምትወረውረው። የሕይወት ጃኬትና ማሰሪያ ቀበቶውንማ አልነግርህም፣ ተምረኸዋል።

አሁን ወደ ልማድ። ስትጠቀልል መሳቢያውን ጨርሰህ አትልቀቀው፣ ዊንቹ ላይ አንድ ዙር አድርገህ እጅህ ውስጥ እየተንሸራተተ ይውጣ። ቡሙ ከምሰሶው ጋር ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ። ከፍ ካለ የሸራው የኋላ ጠርዝ ይላላል፣ ዝቅ ካለ ደግሞ የታችኛው ጠርዝ ይላላና ግርጌው ላይ ይከማቻል። አንድ ጸጥ ያለ ጠዋት እየሞከርክ ትክክለኛውን ከፍታ ፈልግ፤ ስታገኘው ቡሙን ያንጠለጠለው ገመድ ላይ በባለቀለም ክር ምልክት አድርግበት። መስቀያው ከላላ ሸራው በፊት ጠርዙ በኩል አግድም ይሸበሸባል፣ ሽብሽብ ደግሞ ሲጠቀለል ውፍረት ነው። በየትኛው ጎን ነፋስ ሲመታው በቀላሉ እንደሚገባም ሞክር። ክፍተቷ አንደኛዋ ከንፈሯ ላይ ሸራው ስል ማጠፊያ ይሠራል፣ በሌላኛው በኩል ግን ለስለስ ብሎ ይገባል፤ ዘንጉ በየት እንደሚዞር ይወስነዋል።

እናንተ ጋ ደግሞ አቧራ አለ። በሐሩሩ ወራት ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ከበረሃው የሚያመጣው አሸዋ ከጨው ጋር ተደባልቆ ክፍተቷ ውስጥ ይጋገራል። በንጹሕ ውሃ እጠበው፣ የላዩን መዞሪያና የታቹን ኩሽኔታ በተለይ። ግራሶ አትቀባ! ግራሶ ከአሸዋ ጋር ሲገናኝ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ደርቆ የሚቀር የሲሊኮን ስፕሬይ ይበቃል። ሸራው ራሱ ስንት ዓመቱ ነው? በፀሐይ የተበላ ሸራ ይለጠጣል፣ ሆድ ያወጣል። ሆድ ያለው ሸራ የፈለግኸውን ብታደርግ ጥብቅ ብሎ አይጠቀለልም። ያኔ ጥፋቱ የናንተ አይደለም፣ ባለቤቱ ኪሱን ይክፈት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። 12 ኖት የነበረ ነፋስ 25 ሲገባ እጥፍ የሆነ ይመስላል። ጉልበቱ ግን ከ4 እጥፍ በላይ ነው፣ ምክንያቱም ነፋስ የሚገፋው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። 25 ኖት ወደ 46 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል፣ ለመኪና ምንም አይደለም፣ ለሰፊ ጨርቅ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በ15፣ በ16 ላይ፣ ገና እንግዶቹ ፎቶ እየተነሡ ሳሉ ነው የምታሳጥረው። የደሴ ልጅ ነህ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ታውቃለህ። ጭነት የያዘ ሾፌር ማርሽ የሚቀንሰው ገና ከላይ ነው፣ ጠመዝማዛው መሃል ገብቶ ፍሬኑ ሲሸት አይደለም። ካፒቴንህ ሐረጎን አያውቅም፤ አንተ ነግረህ አሳምነው።

ይሄን ከላክሁለት ከአራት ቀን በኋላ ልጁ መለሰልኝ፦

«ጋሼ፣ ወደብ ላይ ነፋስ ሳይኖር ሙሉ በሙሉ አወጣነው። እንዳሉት ከምሰሶው ሦስት ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሸራው ላይ ተደርቦ የተጨፈለቀ መስመር አለ፣ ቢላ የያዘው ይመስላል። ክፍተቷን በውሃ ስናጥብ የወረደው ቡናማ ጭቃ ነው፣ ባልዲ ሙሉ። አሁን እንደ ቅቤ ነው የሚገባው። ካፒቴኑ ቁልፉን በቴፕ ሸፍኖታል። ሌላ ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የሚሠራበት ጀልባ ሸራው የሚታጠፍ ነው፣ የድሮው ዓይነት። እነሱም ይቀረቀርባቸዋል። እሱስ?»

እንኳን ደስ ያለህ። ያቺን የተጨፈለቀች መስመር ሸራ የሚሰፋ ባለሙያ ይያት፤ እዚያ ላይ ክሩ ደክሟል፣ ቀድሞ የሚቀደደው በእሷ ነው።

ለጓደኛህ፦ የሚታጠፈው ዓይነት እንዲያውም ደግ ነው፣ ችግሩ ሁሉ ውጭ ላይ ይታያል። ሸራው በመስቀያው ወደ ታች ዝቅ ይላል፣ የፊቱ ቀለበት ቡሙ አንገት ላይ ካለው መንጠቆ ይገባል፣ ከዚያ የኋላውን ቀለበት ማሳጠሪያ ገመዱ ስቦ ከቡሙ ጋር ያጣብቀዋል። ሲቀረቀርባቸው መጀመሪያ የምጠይቃቸው ቫንጉንና የቡሙን ገመድ አላልታችሁ ወይ ብዬ ነው። ቡሙ ከታች ተይዞ እያለ ሸራውን ወደ ቡሙ መሳብ በአንድ እጅ በር እየዘጉ በሌላው እንደመክፈት ነው። ሁለተኛ፣ መስቀያው በቂ ወርዷል? አንድ ክንድ ቢጎድለው የፊቱ ቀለበት ወደ መንጠቆው አይደርስም፣ እነሱ ደግሞ ጥፋቱን በኋላው ገመድ ላይ ያላክካሉ። ምልክት አድርገውበት በጨለማም እንዲያውቁት ያድርጉ። ሦስተኛ፣ ገመዱ በቡሙ ውስጥ ስለሚያልፍ እዚያ ውስጥ ከሌላኛው ማሳጠሪያ ጋር ይጠላለፋል፤ ቡሙ ጫፍ ላይ ያሉት ፑሊዎችም በጨው ይቆማሉ። አራተኛ የሸራው እጥፋት ራሱ ገመዱና ቡሙ መሃል ይገባና ይነከሳል። ያኔ ከሳቡት ይበሳል። ለቀቅ፣ ጨርቁን ማውጣት፣ እንደገና መሳብ። የሸራው ተንሸራታቾች ምሰሶው ላይ ከያዙ ደግሞ ነፋሱ ሸራውን ወደ ጎን እየገፋው ስለሆነ ትንሽ ወደ ነፋሱ መዞር ነው።

ጥያቄ፦ «እኔ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጌ ጅቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። የተሳቢዬን ሸራ ነፋሱ ከሚሌ በኋላ ከፊት በኩል ገብቶ ይነፋዋል። ገመዱንም በቋጠሮው ምክንያት መፍታት አልችልም፣ በቢላ ቆርጬው ነው የማወርደው። ገመድ መግዛት ሰለቸኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኛ አገር የጀልባውም የመኪናውም ጨርቅ ሸራ ነው የሚባለው፣ የተባለውም በከንቱ አይደለም። አንተ ቀጥ ባለው ሜዳ ላይ 80 ስትነዳ ሸራህ የሚያየው ነፋስ 43 ኖት ያህል ነው። ከላይ ያለው ልጅ በ25 ኖት ነው ወደ ተራራ ጥግ የሸሸው። የፊት ለፊት ነፋስ ካለበትማ አስበው።

ሁለት ሸራ የምትደርብ ከሆነ መጀመሪያ የኋላውን አልብስ፣ ከዚያ የፊቱን በላዩ ላይ። የፊቱ ጠርዝ የኋላውን ይሸፍን፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን አደራረብ። ብዙ ረዳቶች ተገላቢጦሽ ያደርጉትና ነፋሱ በመሃል አፍ ያገኛል። የፊተኛውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈህ ሁለት ድርብ አድርገህ እሰር፣ ነጠላውን ጠርዝ ለነፋስ አታሳየው።

ቋጠሮው ላይ ጥፋቱ ሁለት ነው። ናይለን ገመድ ይለጠጣል። ጠዋት አጥብቀህ ታስረዋለህ፣ መንገድ ላይ ይረዝማል፣ ሸራው ሲራገብ ደግሞ ቋጠሮውን እየቀጠቀጠ ያጠብቀዋል። ብዙም የማይለጠጠውን የፖሊስተር ገመድ ካገኘህ ግዛው፣ ረጅም ጊዜ ያገለግልሃል። ሁለተኛው፣ መጨረሻ ላይ እንደ ጫማ ማሰሪያ ዓይን አስቀርተህ እሰር፣ ጫፉን ስትስብ የሚፈታ። ደረቅ ቋጠሮ በደረቅ ቋጠሮ ላይ መደራረብ አስተማማኝ ይመስላል እንጂ ያው እንደምታየው መጨረሻው ቢላ ነው። ባቲ ስትደርስ ቡና ከመጠጣትህ በፊት አንዴ ዞረህ አጥብቀው፣ የላላው ሁሉ እስከዚያ ወጥቷል። ስታወርደው ደግሞ ደርቆና ጠብቆ ይጠቀለል፤ እርጥቡን ከጠቀለልከው ይሻግታል።

ጥያቄ፦ «ደሴ አራዳ ሱቅ አለኝ። ወደ ላይ የሚጠቀለለው የብረት በሬ ከቀኝ በኩል ቀድሞ ይወጣና መሃል ላይ ይቆማል። ወንዶቹ ልጆች በጉልበት እየገፉ ነው የሚከፍቱልኝ። ዘይት ባፈስበት ይሻላል?»

መልስ፦ እትዬ፣ መግፋቱን ያስቁሙልኝ። ዛሬ ሲያስቸግርዎ የነበረው በር ነገ ተጣሞ ጨርሶ አይዘጋም። በግራ በኩል ያለውን ሐዲድ በባትሪ ይዩት። ጋሪ ወይም ባጃጅ ገጭቶት የተጨፈለቀ ቦታ ካለ እሱ ነው በሩን የሚይዘው፤ አንድ ብረት ሠራተኛ ቀስ አድርጎ ያቃናዋል። ሐዲዱን በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ፣ በጨርቅ ይወልውሉ። ዘይትና ግራሶ አያፍሱበት፣ የአራዳን አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሠራል። ለጀልባው ልጅ ያልኩት የሲሊኮን ስፕሬይ ለእርስዎም ይሆናል።

ሐዲዱ ቀጥ ብሎም አንድ ወገን ቀድሞ የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ያለው እላይ ሳጥኑ ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ሞላ በሩን ሁሉ የሚሸከም ተወጥሮ የተቀመጠ ነገር ነው። እሱን ልጆቹም፣ ጎረቤቱም፣ «እኔ አውቃለሁ» የሚለው ዘመድም አይንካው። ድንገት ከለቀቀ እጅ ይሰብራል። በሩን ዝቅ ያድርጉና የሚያውቅ ሰው ይጥሩ፤ እስኪመጣ ድረስ መክፈት ካለብዎ ከግራም ከቀኝም ሁለት ሰው እኩል ይዞ ያንሣው።

የወፍጮ ጥያቄዎቹ ለሚቀጥለው እትም አድረዋል።